ሁሉንም ከገፈፍነው በኋላ ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አርስቶትል ከቀለም፣ ከክብደት፣ ከቅርጽ ሁሉ ሥር ሆኖ እነዚህን የሚሸከም ነገር አለ እንደሚል ተምረናል። እኔ ደግሞ «እነዚህን ሁሉ ብናነሳቸው ታዲያ ምን ይቀራል?» ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እውነት ግን ባዶ አይደለም ወይ የሚቀረው?
እህታችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ይሳቁ ተያቸው። ጥያቄሽን ራሱ አርስቶትል ጠይቆታል። «ሜታፊዚክስ» በሚባለው ድርሰቱ ሰባተኛው መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 3 ላይ ልክ አንቺ እንዳልሽው አንድ በአንድ ይገፍፋል፤ ርዝመትና ስፋት እንኳ አይቀሩትም። መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ምንነት የሌለው፣ መጠን የሌለው፣ «ይኸውልሽ» ተብሎ የማይጠቆም ነገር ነው። ታዲያ ተቀበለው? አልተቀበለውም! የነገሮች ዋናው ህልውና ይሄማ ሊሆን አይችልም፣ ዋና የምንለው ራሱን ችሎ የሚቆምና «ይህ» ሊባል የሚችል መሆን አለበት አለ። ብዙ ሰው ግን ገፈፋውን ያነብና እምቢታውን ይዘለዋል፣ ከዚያ አርስቶትል ማለት በማይታይ ምስማር ላይ ባሕርያትን የሚሰቅል ሰው ይመስለዋል።

ከሥር ሆኖ የሚሸከም ነገር አለ የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ያስፈለገው ለውጥን ለማስረዳት ነው። ከአርስቶትል በፊት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ ፓርሜኒደስ ከምንም ነገር ምንም አይመጣም፣ ስለዚህ ለውጥ የሚባል የለም ብሎ ሁሉንም አፋጦ ነበር። አርስቶትል «ፊዚክስ» በሚለው ድርሰቱ ላይ የመለሰለት ቀላል ነገር ነው፦ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ሙዚቀኛ ሲሆን አለማወቁ ይጠፋል፣ ሰውዬው ግን አለ። እዚህ ጋ ከሥር ያለው ሚስጥራዊ ነገር ሳይሆን ያ ሰውዬ ነው። «ካቴጎሪዎች» በሚለው ሌላ ድርሰቱ ላይም እንዲሁ ነው፤ ከሥር ያለው ይሄ ሰው፣ ያ ፈረስ ነው። አንዴ የሚሞቀው አንዴ የሚበርደው እሱው ራሱ ነው።

ታዲያ ከገፈፋው በኋላ መልሱ ምን ሆነ? ያው መጽሐፍ ምዕራፍ 17 ላይ ነው፣ እኔም በጣም የምወደው እሱን ነው። «ባ» የሚለውን ድምፅ ይወስዳል። (በእኛ ፊደል አንድ ስለሆነ አይታይም፣ በግሪክ ግን ቤታና አልፋ፣ ሁለት ፊደል ነው።) ለያያቸው፤ ሁለቱም ፊደላት አሉ፣ «ባ» ግን የለም። ስለዚህ «ባ»ን «ባ» ያደረገው ሦስተኛ ፊደል አይደለም፣ ቢሆንማ እሱንም የሚያያይዝ አራተኛ ሊያስፈልግ ነው። ሥጋና አጥንቱን ሰው የሚያደርገውም እንደዚሁ ሌላ የተደበቀ ቁራጭ ሳይሆን አርስቶትል «ፎርም» የሚለው፣ ነገሩን ያ ነገር የሚያደርገው ነው፤ የውጪ መልኩን ማለቱ ግን አይደለም።

እንግዲህ ሁሉንም ስትገፊ ፎርሙንም አብረሽ ገፈሻል ማለት ነው፤ ባዶ የመሰለሽም ለዚህ ነው። እንዲህ ሁሉም ተገፍፎለት የሚቀር ባዶ ቁስ እውነት በአርስቶትል ዘንድ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ምሁራኑ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ልታነቢው ከፈለግሽ ከምዕራፍ 3 ቀጥታ ወደ 17 ዝለይ፤ መሃሉ ለጀማሪ አድካሚ ነው።