«ከከብት ያወጣሁሽ ልጅ ተመልሰሽ ከከብት?»

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እንደምን አሉ? የምንኖረው ሱሉልታ ነው። አባቴ በወተት ነው ያሳደገን። አምስት የፈረንጅ ላሞች አሉን። እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን ነኝ፤ አሁን ለእረፍት ቤት መጥቻለሁ። ስመለስ ዲፓርትመንት እንሞላለን። ውጤቴ ጥሩ ስለሆነ ሜዲስን ሊደርስሽ ይችላል እያሉኝ ነው። አባዬ ደግሞ ገና ሳልሞላ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል።

እኔ ግን የምፈልገው ቬተርነሪ ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ቡሬ የምንላት ላማችን ምጥ ጠናባት። ሐኪሙ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በሞተር መጣ። እኔ የሞባይል መብራት ይዤ ቆምኩ። እጁን እስከ ብብቱ በሳሙና ታጥቦ አስገባና «አንድ እግሩ ታጥፏል» አለ። ጥጃውን መልሶ ወደ ውስጥ ገፋው፣ እግሩን አቃናው፣ ከዚያ ከአባዬ ጋር በገመድ ሳቡት። ጥጃዋ መሬት ላይ ስትወድቅ የሞተች መስላኝ ነበር። ሐኪሙ አፍንጫዋን በጭድ ሲነካካው አነጠሰች። እኔ የዚያን ሌሊት ወሰንኩ።

ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን ለአባዬ ነገርኩት። ስኒውን አስቀመጠና «ከከብት ያወጣሁሽ ልጅ ተመልሰሽ ከከብት ልትውይ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በደንብ አናወራም። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አንቺን ሆኜ፣ ቀጥሎ አባትሽን ሆኜ።

አባትሽ የተናገሩት ንቀት አይደለም። ወተት የሚያቀርብ ሰው ሌሊት ነው የሚነሳው። የሱሉልታን ብርድ አንቺ ታውቂዋለሽ። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ ሲጨምር የወተቱ ዋጋ አብሮ አይጨምርም። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ገዢው ይሳሳል፤ ላሟ ግን ጾም አታውቅም፣ መብላትም መታለብም አለባት። እሳቸው ይህን ሁሉ የቻሉት «ልጄ ከዚህ ትውጣልኝ» እያሉ ነው። በዚያ ላይ አንቺ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው በቀላሉ አይደለም። በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 585 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዷ የእሳቸው ልጅ ናት። ለሰፈሩ ቢናገሩ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሌሊት ጥጃዋ ባታነጥስ ኖሮስ?

ጥያቄው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አስቢበት። አንቺ ሙያውን ያየሽው ባማረለት ሌሊት ነው። ሐኪሙ በጊዜ ደረሰ፣ ጥጃዋ ተረፈች፣ ቡሬም ተረፈች። ሐኪሙ አርፍዶ ቢደርስ፣ ጥጃዋ ሞታ ብትወጣ፣ አባትሽ ጋጣው በር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቢቀመጡ፣ ዛሬም ቬተርነሪ እፈልጋለሁ ትይ ነበር?

ይህን የምጠይቅሽ እኔ ራሴ የተጸጸትኩበት ነገር ስላለ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼ ፎርም ይዘው ሲመጡ ውጤታቸውን ብቻ አይቼ ነበር የምመክራቸው። ከፍ ካለ ሜዲስን፣ ትንሽ ዝቅ ካለ ሌላ። በጣም ጎበዝ የነበረ አንድ ልጅ ሜዲስን ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ መጣ። «ቲቸር፣ ሬሳው አይደለም ያቃተኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያቃስት መስማት ነው» አለኝ። የሕክምናን መጥፎ ቀን ማንም አላሳየውም ነበር። እኔም አላሳየሁትም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። እኔ ያለሁት ከአንቺ ራቅ ብሎ፣ አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የእንስሳት ሐኪም ይኖራል። ማታ ሲመጣ ቦቲውን ውጭ አጥቦ ደረጃው ላይ ያስቀምጠዋል። ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ስለ ሥራው ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ሻይ አፍልቶ ለአንድ ሰዓት ያህል አጫወተኝ።

«ቲቸር፣ ብዙ ሰው የሚደውልልኝ ራሱ መድኃኒት ገዝቶ ወግቶ አልሆን ሲለው ነው» አለኝ። «ስደርስ ላሟ ወድቃለች፣ ወይም ሆዷ ተነፍቷል። ሞታብኝ የምመለስበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሂሳብ አልጠይቅም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?» የመንግሥት ደመወዙ ብቻውን ቤት እንደማያቆም አልደበቀኝም። ከሥራ ሰዓት ውጭ በግል እየዞረ ያክማል። አብራው የተመረቀች ሴት ጓደኛው መጀመሪያ ሰሞን ከብት ቤት ስትደርስ «ሐኪሙስ?» ይሏት ነበር አሉ። አሁን እሷ ካልመጣች የሚሉ ደንበኞች አሏት። «ታዲያ ሌላ ሥራ ብታገኝ ትተወዋለህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ስልኩን አውጥቶ የጥጃ ፎቶ አሳየኝ። ለካ እሱም ሦስት ቀን የተመላለሰባት ጥጃ ኖራለች።

እነዚህን ክፉ ሌሊቶች ከጎረቤቴ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው ግን እዚያው ቤትሽ ውስጥ አለ። አባትሽ ናቸው። ነገ ማታ ላም ሲያልቡ አብረሽ ተቀመጪ። ስለ ዲፓርትመንት አንድም ቃል አታንሺ። ይልቅ ጠይቂያቸው። ስንት ላም ሞተችባቸው? በምን? የጡት በሽታ የያዛት ጊዜ መድኃኒቱ ከወተቷ እስኪወጣ ስንት ቀን ወተት ደፉ? አፍተግር፣ ያ የከብትን አፍና እግር የሚያቆስለው ተላላፊ በሽታ፣ ሲገባ ምን አደረጉ? ሐኪም በጊዜ ቢደርስ የትኛዋ ትተርፍ ነበር? ስሚያቸው፣ አትከራከሪያቸው። እኔ እንደሚመስለኝ እሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር ይናገራሉ። ባይናገሩም አንቺ የምትገቢበትን ነገር ከሚያውቀው ሰው አፍ ትሰሚያለሽ።

በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ነገር ንገሪያቸው። ቬተርነሪ ጋጣ ውስጥ ብቻ አያልቅም። ቢሾፍቱን ያውቋታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው። ለአገሩ ከብትና ዶሮ ክትባት የሚመረተውም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ለመላው አፍሪካ የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚፈትሸው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም እዚያው ነው። ቄራ ውስጥ ሥጋ መርምሮ ማኅተም የሚመታበት፣ ላብራቶሪ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታን የሚመረምር ሁሉ ይህንኑ ትምህርት የተማረ ነው።

ደግሞ ስለ ክፉ ቀን ከአያቶቻቸው ሰምተው ይሆናል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ የአገሩን በሬ ፈጀው። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ እርሻው ጦም አደረ፣ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ያ በሽታ ዛሬ የለም። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። እኛ አገር መጨረሻ ላይ ከቀረባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ነበር። ሙቀት የሚችል ክትባት ተይዞ፣ የአካባቢው ሰው ሰልጥኖ፣ ከብቱን በየደረሰበት እየተከተሉ ነው የከተቡት። ይህን ክፍል ውስጥ ባስተማርኩ ቁጥር ድምፄ ይለወጥ ነበር። «ከብት ሐኪም» ማለት ይህም ነው።

ጅማ ስትመለሺ ጊዜ አታጥፊ። ዩኒቨርሲቲሽ ሁለቱም አለው፣ ሜዲስንም ቬተርነሪም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያሉ የቬት ተማሪዎችን ፈልጊ። ክሊኒክ ሲወጡ ተከትለሽ ግማሽ ቀን ቁሚ። ሽታውን ቻዪው፣ ሲያቅታቸውም እዪ። ለሚዛን ደግሞ ሆስፒታሉ ሂጂ። አዳር ጨርሶ የሚወጣ ኢንተርን ብታገኚ ሌሊቱ እንዴት እንደነበር ጠይቂው። ለእውነት ብዬ የምነግርሽ፣ የሰው ሕክምና ተመራቂዎችም ዛሬ ሥራ ፍለጋ ሲጠብቁ እያየን ነው። «ሜዲስን ከገባች አለቀላት» የሚለው የድሮ ሂሳብ ነው። ቬተርነሪም ቢሆን አጭር መንገድ አይደለም፤ ከአራት ዓመቶቹ ትምህርቶች ይረዝማል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሁሉም መውጫ ፈተና አለው። የማትወጂውን ተምረሽ ያን ፈተና መቀመጥ ምን እንደሚመስል አስቢው።

ፎርሙን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አባትሽን ለማስደሰት ብለሽ ሜዲስንን አንደኛ፣ ቬተርነሪን ሁለተኛ አትጻፊ። ምደባው በውጤትና በምርጫ ቅደም ተከተል ነው። ያንቺ ውጤት ጥሩ ነው ብለሻል። እንግዲያው አንደኛ የጻፍሽው ሊደርስሽ ይችላል!

ክሊኒኩን አይተሽ፣ ክፉውንም ሰምተሽ፣ አሁንም ልብሽ እዚያው ከሆነ ቬተርነሪን አንደኛ ጻፊ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ግን ከመሙላትሽ በፊት ለአባትሽ ደውለሽ ንገሪያቸው። ከሞላሽ በኋላ አይሁን፣ በሰው አፍም አይስሙ። ቢቆጡም ከአንቺ ይስሙት። ያን ሌሊት ገመዱን የሳቡት እሳቸው ነበሩ፤ ያንን አስታውሻቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና 43 በመቶ አመጣ። አንድ የግል ኮሌጅ «ችግር የለም፣ ዲግሪ እንመዘግበዋለን» ብለው የመመዝገቢያ ብር ጠየቁን። ልክፈል ወይ?

እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እባክዎ እስካሁን ካልከፈሉ ይቆዩ። ልጅዎ 50 ስላላመጣ መጀመሪያ የሚጣራው ሪሚዲያል፣ ማለትም 50 ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የመግባት ዕድል አለው ወይ የሚለው ነው። መቁረጫ ነጥቡን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ በዚያ ዓመት የወጣውን ይመልከቱ። የመግቢያ መስፈርቱን ሳያሟላ የተመዘገበ ልጅ ዓመታት ተምሮ በመጨረሻ ዲግሪው ዕውቅና ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ያለቀሰች እናት አውቃለሁ። ከፍላ የጨረሰችው የዕቁብ ብሯን ነበር።

ኮሌጁንም ቢሆን በቃል አይመኑት። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ደግሞ በጅምላ አይሰጥም፤ ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት ዓይነቱ፣ በመደበኛና በርቀት ተለይቶ ነው። መገናኛ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ ስላለው የእናንተ ሰፈሩ አለው ማለት አይደለም። ደብዳቤውን አሳዩኝ ይበሉ፣ ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን ይዩ፣ ከዚያ ባለሥልጣኑ ዘንድ ያጣሩ። የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ቴክኒክና ሙያንም ከወዲሁ አይዝጉት። ግን ዎርክሾፑን ልጅዎን ይዘው ሄደው ይዩ፤ ማሽኑ ይሠራል? ተማሪዎቹ ይነኩታል ወይስ ሸራ ለብሶ ቆሟል? በሚማሩበት ሙያ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ወስደው ያለፉ ልጆች አሉ ወይ ብለው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አልጻፉልኝም። ልጅዎ ራሱ ምን ይላል? ቤት ውስጥ ሶኬት ሲበላሽ፣ ቧንቧ ሲያፈስ፣ የጎረቤት ስልክ ሲሰበር ምን ያደርጋል? ይህን ጽፈው ይላኩልኝና በሚቀጥለው ዕትም እመለስበታለሁ።