መልስ፦ የውሃ ታንከሩ ጣሪያ ላይ ወይስ ውስጥ?

ለገጠር ጉዞ ባለ 60 ሊትር የውሃ ታንከር መኪናዬ ጣሪያ ላይ ልሰር ወይስ ውስጥ ላልከው፣ ጣሪያውን እርሳው። ውሃ በሊትር 1 ኪሎ ነው። 60 ኪሎ አናቱ ላይ ተሸክሞ ያዘመመ መንገድ ከገባ፣ መኪናው ለመገልበጥ ሰበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ወለሉ ላይ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ አስጠግተህ አስቀምጠው፤ ከኋላ አክሱል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያያዘው ብረት) አልፎ ጫፍ ላይ አይሁን። ውስጡ መከፋፈያ ያለው ምረጥ። አለዚያ ግማሽ ሲደርስ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ውሃው እየተላጋ ማሰሪያውን ያላላዋል። ማሰሪያው በቡሎን ከመኪናው ብረት ጋር ይያዝ፤ ገመድ ብቻውን አይታመንም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የታንከሩን መተንፈሻ፣ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣውን ቱቦ ነው። ከታንከሩ አናት ከፍ ካላደረግከው ዳገት ላይ ውሃው በሱ ይወጣል። ጭራሽ ከደፈንከው ደግሞ ፓምፑ ሲስብ ታንከሩ ይጨማደዳል። ፕላስቲኩ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ይሁን፤ የነዳጅ ጀሪካን አጥበህ ተጠቀም የሚልህን አትስማ።