ሥዕሏን ከመስኮቱ ባነሣ ክጃለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መታወቂያ ክፍል ነው የምሠራው። ባለጉዳይ ከማስተናግድበት መስኮት በላይ የእመቤታችንን ሥዕል ለጥፌአለሁ። አዲስ የመጡት ኃላፊ «የመንግሥት ቢሮ ስለሆነ ይነሣ» አሉኝ። እስካሁን አላነሣሁም። «በሰው ፊት የሚክደኝን እኔም እክደዋለሁ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። ባነሣት ክጃለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አልካድሽም። ኃላፊሽ ክርስቶስን ተዪ አላሉሽም። ጌታ ያን ቃል የተናገረው ወደ ሸንጎ ለሚጎተቱ፣ ስለ ስሙ ለሚገረፉ ነው፤ የማቴዎስን ምዕራፍ 10 ከፍ ብለሽ አንብቢው። ለግድግዳ ክርክር ስንጠቅሰው ደማቸውን ያፈሰሱትን ሰማዕታት እናሳንሳለን።

ይህን ጥያቄ ከብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ሰምቻለሁ። ከሥሩ የማገኘው ስሕተትም አንድ ነው፤ ቅዱስ ነገር ከተሰቀለ ቢሮው ተባርኳል፣ ሥራውም ተቀድሷል ብሎ ማሰብ። የእስራኤል ሽማግሌዎችም እንዲሁ አስበው ነበር። በፍልስጥኤማውያን ፊት ሲሸነፉ ምን በደልን ብለው አልጠየቁም፤ ታቦቱን ከሴሎ አምጡልን አሉ። መጣላቸው። ምድር እስክትናወጥ እልል አሉ። በዚያው ውጊያ 30,000 እግረኛ ወደቀ፣ ታቦቱም ተማረከ (1ኛ ሳሙ 4)። ታቦቱ ኃይል አጥቶ እንዳይመስልሽ፤ ዳጎንን በገዛ ቤቱ በግንባሩ ደፍቶታል። ነገር ግን ታቦቱን አጅበው የወጡት የካህኑ የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ነበሩ። እነርሱ ደግሞ መሥዋዕት ይዞ ከመጣው ሰው ላይ ሥጋውን በሜንጦ የሚያወጡ፣ እንቢ ካለም «በግድ እንወስዳለን» የሚሉ ነበሩ። ዛሬ ፋይል ለማንቀሳቀስ እጁን የሚዘረጋ ሰው ሜንጦውን ይዞ ቆሟል፤ ከራሱ በላይ የተሰቀለው ሥዕል ይመሰክርበታል እንጂ አይሸፍነውም።

አንቺን በዚህ አልጠረጥርሽም። ግን ከመስኮቱ ወዲያ የቆመችውን አስቢያት። አንዲት ሙስሊም እናት ለልጇ መታወቂያ ልታወጣ ከንጋት ጀምራ ተሰልፋለች። ቀና ስትል ሥዕሏን ታያለች። ተራዋ ሲደርስ «ሲስተም የለም፣ እግዚአብሔር ካለ ነገ ይምጡ» ትባላለች። ወዲያው አንድ የሚታወቅ ሰው በጓሮ በር ገብቶ ወረቀቱን አስመትቶ ይወጣል። ይህች እናት ስለ ክርስቶስ እናት ምን ይዛ ትመለሳለች? በጎንደርም በጅማም ብትሆን ሐዘኗ ያው ነው። አንቺም ጉዳይ ይዘሽ ሄደሽ ሌላ እምነት በሰፈነበት መስኮት ፊት ብትቆሚ ልብሽ ይሰጋ ነበር። «ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን ሁሉ» የሚለው ትእዛዝ እዚህም ይሠራል። የአምላክን ስም በከንቱ መጥራት ደግሞ በሐሰት መማል ብቻ አይደለም። ዛሬ ማለቅ የሚችለውን ጉዳይ «እግዚአብሔር ካለ» ብሎ ለነገ ማሳደር ስንፍናችንን በስሙ መጠቅለል ነው። ይህን ከሥዕሉ ይልቅ አጥብቄ እነግርሻለሁ፤ ስሙን በየቢሮው እንደ ሰበብ የምንጠቀምበት ነገር ያስፈራኛል።

«አገራችን የክርስቲያን አገር አይደለችም ወይ?» የሚሉኝም አሉ። ኢዛና መስቀልን በገንዘቡ ላይ ቀርጿል፤ እናከብረዋለን። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ያ አንቀጽ ግን አብዮቱ ሲመጣ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን አላዳናቸውም፤ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ሕዝቡ ግን ያለ አንቀጽ ጾመ፣ ያለ አንቀጽ አስቀደሰ። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ይላል፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባም ይከለክላል። ይህ ለእኛም ከለላ ነው።

አብነትሽ ዳንኤል ይሁን። በአሕዛብ ቤተ መንግሥት ሹም ነበር፤ ጠላቶቹ መዝገቡን ገልብጠው በሥራው ላይ ስሕተት አጡበት። ጸሎቱን የጸለየው በቤቱ ሰገነት ላይ ነው። እንዳይጸልይ ሲታወጅ ግን አንድ ቀንም አላስታጎለም፤ አንበሶቹንም መረጠ።

ስለዚህ ኃላፊሽን «እሺ» በያቸው፤ ያለ ኩርፊያ። የሌላው እምነት ምልክት ሳይነካ ያንቺ ብቻ ተለይቶ ከሆነ ግን በአክብሮት ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ሥዕሏን ራስሽ አንሺያት፣ ለሌላ አትተዪ። ከማስታወቂያና ከማኅተም ቀለም ጎን በፕላስተር ተለጥፋ አቧራ ስትጠጣ መኖሯም ለክብሯ አይገባም ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ወደ ቤት ውሰጃት፤ መብራት አብርተሽ በምትጸልዪበት በምሥራቅ በኩል አኑሪያት። ማተብሽ ግን ካንገትሽ አይወርድም፤ እርሱ የጥምቀትሽ ምስክር እንጂ የቢሮው ንብረት አይደለም። በጥሰሽ ካልጣልሽ ከሥራ ትወጫለሽ የሚል ቢመጣ፣ ያን ጊዜ «በሰው ፊት የሚክደኝን» የሚለውን ቃል አንሺና ወደ ንስሐ አባትሽ ሩጪ፤ ምላሻችን ያን ጊዜ ሌላ ነው።