ያልጎረስኩት ጉርሻ

ዛሬ ማታ የጎረቤታችን ልጅ በር አንኳኳች። ላብራቶሪ ተመርቃ ጤና ጣቢያ ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። ስልኳን ከፍታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሰዎች የተጠበሰ ስጋ በሰላጣ ቅጠል እየጠቀለሉ ይበላሉ። «ጋሼ፣ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ እንዲህ ቶሎ የሚደርስ እራት መሥራት አማረኝ። ግን እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው የኖሩት። ሰላጣ እንዲህ በጥሬው ይበላል?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ከአፌ አልወጣ አለ። «ነገ ነይ፣ ተረጋግተን እናወራለን» ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። እንደ እሷ ሥራ ጀምራችሁ የራሳችሁን ጓዳ ለምታደራጁ ለሌሎቻችሁም ይሁን።

ጥያቄዋ ወደ 1992 ዓ.ም. ወሰደኝ። ጅማ ላይ የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑበት ዓመት ነው። ያኔ 34 ዓመቴ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሰገራ ናሙና አያለሁ። ወስፋት፣ አሜባ፣ ጃርዲያ። ቤቴ ስገባም ዓይኔ ላይ ነበሩ።

በዚያ ዓመት ከደቡብ ኮሪያ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ነርስ መጣች። ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። ናሙና በሰው አትልክም፣ ራሷ ይዛ ትመጣለች። ሥራ ቀለል ሲል «ልየው?» ትለኝና ማይክሮስኮፑ ላይ ታጎነብሳለች። አንድ ቀን የወስፋት እንቁላል አሳየኋት። ቡናማ ነው፤ ዙሪያው ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ። አንዴ አየችውና ቀና አለች። «እኛ ተማሪ ሳለን በዓመት ሁለቴ በፖስታ አድርገን ትምህርት ቤት እንወስድ ነበር» አለችኝ። ሰገራ ማለቷ ነው። ትል የተገኘበት ልጅ መድኃኒቱን እዚያው ይውጣል። እኔ እንደ ጨዋታ ሰምቼ አለፍኩት።

የምትኖረው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ነበር። የእኚህ እናት ታላቅ ወንድም ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ፎቷቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በረዶ ላይ ቆመዋል፣ ካፖርት ለብሰዋል፣ ፊታቸው ገና የልጅ ፊት ነው። ሴትዮዋ ፎቶውን ሳያሳዩት የሚወጣ እንግዳ አልነበረም። ሲስተርን የያዟት እንደ ልጃቸው ነው። ቡና ማፍላት አስተማሯት፤ አማርኛ አስተማሯት። ማጉረስም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ሐሙስ እኔንና አንድ የሥራ ባልደረባዬን እራት ጠራችን። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ከያዘ አይለቅም። መብራት ጠፍቶ ሻማ በርቷል። ከሰል ምድጃው ላይ የብረት መጥበሻ ተጥዶ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ስጋ ቸስ ቸስ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ሩዝ አለ፣ በስሱ የተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ቃሪያ አለ። ከአገሯ የመጣ ቀይ፣ ድልህ የሚመስል ነገርም አለ። ሳምጃንግ ይሉታል። ከተብላላ አኩሪ አተርና ከበርበሬ የሚሠራ ነው። መሃል ላይ አንድ ክምር ሰላጣ። በጠዋት ከሂርማታ ያመጣችው ነው፤ ሐሙስ የገበያ ቀን ነውና።

እጇን አሁንም አየዋለሁ። አንድ ቅጠል በግራ መዳፏ ላይ ዘረጋች። የቅጠሉን አከርካሪ በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ቀጭ አለ። ትንሽ ሩዝ፣ አንድ ቁራጭ ስጋ፣ በማንኪያ ጫፍ ከቀዩ፣ አንዲት ስስ ነጭ ሽንኩርት። ጠርዙን ሰብስባ እንደ ትንሽ ቋጠሮ አደረገችው። በአገሯ ይህ በአንድ ጊዜ ነው የሚጎረሰው፤ ነክሶ መክፈል የለም። ለሚወዱትም ሰው በእጃቸው ጠቅልለው ያጎርሱታል። እኔ ጉርሻ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እጇን ወደ እኔ ዘርግታ «በሞቴ» አለችኝ። በአማርኛ።

እኔ ያየሁት ቅጠሉን ነው፤ እጇን አላየሁም። «ሰላጣ አልበላም» አልኩ። በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። «ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ያየሁትን ብነግርሽ አንቺም አትበዪም» ብዬ ጨመርኩበት።

ሁሉም ዝም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እጇ ትንሽ ቆየና ወረደ። ቋጠሮውን ሳህኗ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ቀስ እያለ ተፈታ። ቅጠሉ ሲከፈት፣ ሩዙ ሲፈስ ሁላችንም እያየን ነበር። ባልደረባዬ ስለ መብራቱ ማውራት ጀመረ። እኔ ሩዝና ስጋ በሹካ በላሁ፣ አመሰገንኩ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አከራይዋን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን እንኳን በወጉ አልተቀበሉኝም። «ያቺ ልጅ ከስምንት ሰዓት ጀምራ ስታጥብ ነበር» አሉኝ። «ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ፣ ሦስት ጊዜ። እሱ የላብራቶሪ ሰው ነው፣ እሱ የላብራቶሪ ሰው ነው እያለች።»

ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ። ዛሬ ነገ ስል ነሐሴ ላይ አገልግሎቷን ጨርሳ ሄደች። ለላብራቶሪው ሰዎች ሁሉ ከአገሯ የመጣ ከረሜላ ትታ ነበር። የኔን ድርሻ መሳቢያዬ ውስጥ አገኘሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ አገሯ አነበብኩ። በፈረንጆቹ 1971 አገር አቀፍ ምርመራ ሲደረግ ከመቶ ሰው 84ቱ ሆድ ውስጥ ትል ተገኝቶ ነበር። ማሳው የሚዳብረው በሰው እዳሪ ስለነበር አትክልቱም ከዚያ አያመልጥም። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1997 ላይ ግን ከመቶ ሰው 2.4 ብቻ ሆነ። በየትምህርት ቤቱ መረመሩ፣ መድኃኒት ሰጡ፣ ማዳበሪያውን ቀየሩ፣ ሽንት ቤቱን አስተካከሉ። ሰላጣውን አልተዉትም። ያን ማታ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት ስለ ወስፋት ከእኔ የበለጠ ታውቅ ነበር። በፖስታ ይዛው ትምህርት ቤት ስትሄድ ያደገች ናት። እኔ ደግሞ ላስተምራት ተነሳሁ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መልሱ ይኸው ነው። ይበላል። ግን እንደ ሲስተር ከታጠበ ነው።

የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ የነካው ላይም ይጣበቃል። ሎሚና ኮምጣጤ አይገድሉትም። የውሃ ማከሚያው ውሃ አጋር ለብዙ ነገር ይረዳል፣ ይህን ግን አይበግረውም። ኮምጣጤ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፎ «አለቀ» ማለት ራስን ማታለል ነው። የሚሠራው እጅ ነው። የውጪዎቹን ቅጠሎች ጣሉ። የቀሩትን አንድ በአንድ ገንጥላችሁ በሚወርድ ውሃ ሥር ፊትና ጀርባቸውን በጣታችሁ እሹ። ታች ነጩ ጋ ጭቃ ይደበቃል፣ እዚያ ጋ ቆዩ። ከዚያ አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት ውሃ ሁለቴ አለቅልቁ። በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ እርጥብ ቅጠል መረቁን አይዝም፣ እጅ ላይም ይቀደዳል። ይህን ሁሉ ከሥራ መልስ አድርጉ አልልም። እሁድ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጡት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

ነፍሰ ጡር ካለች፣ ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ ወይም ውሃ ከጠፋ ጥሬውን ተዉት። የጥቅል ጎመን ቅጠል የሚፍለቀለቅ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ከተታችሁ አውጡ። ይለሰልሳል፣ ይጠቀለላል፣ ሆድም አያሰጋም። እውነቱን ልንገራችሁና ክረምት ላይ እኔ ራሴ የምበላው ይህንን ነው። ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ምግቡ በእስያ በብዙ መልክ ይሠራል። ካንቶን አካባቢ ያሉ ቻይናውያን ሳንግ ቾይ ባው ይሉታል። ደቅቆ የተከተፈ ስጋ በኃይለኛ እሳት ጠብሰው በማንኪያ ቅጠሉ ላይ ያደርጋሉ። ኮሪያዎቹ ሳም ይሉታል፤ ትርጉሙም ጥቅል ማለት ነው። ቬትናሞች ደግሞ ሰላጣው ላይ ትኩስ ናና የመሳሰሉ ቅጠሎች ይጨምራሉ። ለእኛም ቢሆን ቅጠል እንግዳ አይደለም። እናቴ ድፎ ዳቦ ስትደፋ ኮባ የምታለብሰው በጥንቃቄ ነበር። የተቀደደ ቅጠል ካየች መልሳ ወደ ጓሮ ትልከኝ ነበር። የዚያ ኮባ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ለሥራ ቀን የሚቀለው የካንቶኑ ነው። ለሦስት ሰው ግማሽ ኪሎ ቀይ ስጋ አስፈጩ። ሰፊ መጥበሻ በደንብ አግሉ፤ ጠባብ ከሆነ ስጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ትንሽ ዘይት አድርጋችሁ ስጋውን በትኑት። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል። አትቸኩሉ፣ ውሃው ይጨረስ። ድምፁ ሲቀየር ትሰሙታላችሁ፤ መንተክተኩ ቆሞ መንጣጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ ተደቅቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል የተፈቀፈቀ ዝንጅብል ጨምሩ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። የጌራ ማር ካገኛችሁ እሱን አድርጉ። ሶያ ሶሱ ጨዋማ ስለሆነ ሳትቀምሱ ጨው እንዳትነኩ። እሳቱን አጥፉና የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ለውዝ በትኑበት። መጨረሻ ላይ የሰሊጥ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ከሌላችሁ አንድ ማንኪያ ሰሊጥ ቆልታችሁ ውቀጡ፤ ሽታው ያው ነው።

በርበሬና ቅቤ አታስገቡ። ምንቸት አብሽን በጣም እወደዋለሁ፤ ግን ምንቸት አብሽ በሰላጣ አይጠቀለልም። ጾም ከሆነ በስጋው ፈንታ እንጉዳይ ክተፉ፣ ወይም ሳይፈርስ የተቀቀለ ድፍን ምስር። 

እጃችሁን ታጠቡ አልላችሁም። ስለ ቁጠባም አልጽፍም፤ ሁሉም እየነገራችሁ ነው። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ደክሞናል ትሉና በየማታው ኢንዶሚ ትቀቅላላችሁ። ያውም ለብቻችሁ፣ ስልካችሁን ሳህኑ ጎን አቁማችሁ። በአንድ ግቢ አራት ተከራይ አራት ድስት ይጥዳል። እኛ ደመወዛችን ትንሽ ነበር፤ ማዕዳችን ግን አንድ ነበር። ይህን ስል የገዛ ልጄ ትዝ አለችኝ። ስጋውን በትኖ መጥበስን ያሳየችኝ እሷ ናት፣ እሷም ያየችው ስልክ ላይ ነው። እናንተ ደግሞ የማታውቁትን ነገር «ይበላል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። እኔ በ34 ዓመቴ አልጠየቅኩም። «ቅጠሉን እንዴት አጠብሽው?» ብላት ሲስተር ሁሉንም ትነግረኝ ነበር።

ለአንቺ ለጎረቤቴ ልጅ፦ ነገ ከሥራ ስትመለሺ በሂርማታ በኩል እለፊና ሰላጣ ያዢ። ትንንሹን ምረጪ፣ ሥሩ ያልተቆረጠውን፣ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የቆመውን። ዝንጅብልና ማር ቤት አለ። ስጋውን ባለቤቴ ታስፈጫለች። ቅጠሉን ቁጭ ብለን አብረን እናጥበዋለን። ውሃውን አሁን አፍልቼ ከድኜዋለሁ። እስክትመጪ ይቀዘቅዛል።