ፖስታውን ከፍታችሁ እዩት፦ ስለ ቀይ መብራት ካሜራ ቲኬት ጥያቄና መልስ

በዋሺንግተን ዲሲና በአካባቢው ታክሲ ስነዳ 17 ዓመት ሆነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን የራሴንም የሰውንም የትራፊክ ቅጣት ወረቀት (ቲኬት) ይዤ ብዙ ጊዜ ተከራክሬአለሁ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶችም ወረቀታቸውን አንብቤ መልሱን ጽፌላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቀይ መብራት የጣሰን መኪና ፎቶ ስለሚያነሳው የቀይ መብራት ካሜራ የምትጠይቁኝ ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ዘነበ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኛ በአንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፣ ዲሲና አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ነድተን እንገባለን። ሕጉ ግን ሦስት ነው። ስለዚህ ፖስታው ሲመጣ መጀመሪያ የላከው ማን እንደሆነ አንብቡ። ጓደኛችሁ በሜሪላንድ ያሸነፈበት ምክንያት ዲሲ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትናንት ከዲሲ ፖስታ መጣብኝ። 150 ዶላር ይላል። ኡበር ነው የምሠራው፣ የአንድ ቀን ገቢዬ ነው። ልክፈለው ወይስ ልከራከር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ገና አታድርግ። መጀመሪያ ምስሉን እይ። ወረቀቱ ላይ የቲኬት ቁጥር አለ። እሱንና የታርጋህን ቁጥር ይዘህ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ድረ ገጽ ስትገባ ፎቶዎቹ ይወጣሉ። ቪዲዮ ካለውም ታየዋለህ። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ነው የሚከፍለው፤ ወይ ደግሞ ሳያይ ተናዶ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ የሚወረውረው።

ስታይ ከታርጋው ጀምር። በእርግጥ የአንተ ነው? የመኪናው ዓይነትና ቀለምስ? አንድ ፊደል በስህተት ተነቦ የሌላ ሰው ጥፋት ለሌላ ሰው ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ሂድ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ መብራቱ ቀይ ሆኖ፣ መኪናህ ገና ከማቆሚያው መስመር ወዲህ መሆን አለበት። በሁለተኛው ፎቶ ላይ ደግሞ መስቀለኛው ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት። ክሱ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ፎቶዎች ነው። መስመሩን ያለፍከው በቢጫ ከሆነና መሃል ላይ ሳለህ ቀይ ከበራ፣ ቀይ መብራት አልጣስክም። በፎቶው ጠርዝ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮችም አንብብ። ቀኑና ሰዓቱ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ከበራ ስንት ሰከንድ እንዳለፈም ይጻፋል።

ዲሲ ላይ ሦስት ዓይነት መልስ መስጠት ትችላለህ። አምናለሁ ብለህ መክፈል፣ አምናለሁ ግን ምክንያት አለኝ ማለት፣ ወይም አላጠፋሁም ብለህ መካድ። መሃለኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጥፋቱን አምነህ የነበርክበትን ሁኔታ በግልጽ ስታስረዳ፣ ጉዳዩን የሚያየው ሰው ምክንያትህን ከግምት ያስገባል።

ከከፈልክ ግን ክርክሩ አበቃ። መክፈል ማመን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ደግሞ አሁኑኑ ስልክህ ላይ መዝግበው። ካሳለፍከው 150 ዶላሩ 300 ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ ስገባ ቢጫ ነበር፤ እምላለሁ። ቢጫው በጣም አጭር ነው። ይህን ይዤ መከራከር እችላለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፎቶውን ተመልከት። በጭንቀት ጊዜ ዓይናችን ያታልለናል። ፎቶው ቀይ ሆኖ አንተን ከመስመሩ ወዲህ ካሳየ፣ ቢጫ ነበር ማለት ብቻውን አይረዳህም።

የቢጫው ርዝመት ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ ቢጫ መብራት በግምት ከ3 እስከ 6 ሰከንድ መሆን አለበት ይላል። መሐንዲሶች የሚያሰሉት በመንገዱ ፍጥነት ነው። ለምሳሌ በሰዓት 30 ማይል በሚነዳበት ሜዳ መንገድ ላይ፣ አንድ ሰከንድ ለመንቃት ሰጥተው ቀሪውን ለፍሬን ሲያሰሉ ወደ 3.2 ሰከንድ ይመጣል። ስለዚህ ቆመህ በስልክህ ቪዲዮ ቅረጸው። አንድ ጊዜ ሳይሆን አምስት ስድስት ጊዜ። ከ3 ሰከንድ በታች ከሆነ በእጅህ ማስረጃ አለህ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ማትስ ያርልስትሮም ይባላል። ትውልዱ ስዊድን ነው፣ የሚኖረው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርተን ከተማ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባለቤቱ የቀይ መብራት ካሜራ ቲኬት መጣባት። እሱ ቁጭ ብሎ የቢጫውን ሒሳብ መመርመር ጀመረ። ያገኘው ነገር ቀላል ነው። የድሮው ሒሳብ የሚያስበው በቀጥታ የሚሄደውን ወይም የሚቆመውን መኪና ብቻ ነው። ለመታጠፍ ፍጥነቱን የሚቀንስ ሰው መስመሩ ጋ ለመድረስ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ቢጫው ያልቅበታል። ይህን ሲናገር የክፍለ ግዛቱ የመሐንዲሶች ቦርድ ያለ ፈቃድ ምህንድስና ሠራህ ብሎ 500 ዶላር ቀጣው። ፍርድ ቤት ሄደ። በ2018 መጨረሻ የፌዴራሉ ዳኛ ፈረደለት። በ2020 ደግሞ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም መመሪያውን ሲያሻሽል የእሱን ሐሳብ ተቀበለ። ከአንዲት ቲኬት ተነስቶ ሰባት ዓመት የታገለ ሰው ነው። በጣም አከብረዋለሁ።

ይህ ታሪክ ብቻውን ቲኬትህን አያሰርዝልህም። ግን ለክተህ ከሄድክ የሚሰማህ ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ ወደ ቀኝ ነው የታጠፍኩት። በቀይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀድ የለም እንዴ?

መልስ፦ የሚከለክል ምልክት ከሌለ ይፈቀዳል፤ ግን ጎማው ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው። የሚቆመውም ከመስመሩ በፊት እንጂ ዜብራው ላይ አይደለም። ቀስ ብሎ እየተንከባለሉ መታጠፍ መቆም አይባልም። ቪዲዮው ላይ ጎማህን እይ። ለአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ ከቆመ ተከራከር። ካልቆመ አትድከም። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በቀይ መታጠፍ ክልክል ነው የሚል ምልክት በየቦታው አለ። ተመልሰህ ሄደህ ምልክቱ መኖሩን፣ በዛፍ ቅጠል አለመሸፈኑን አይተህ ፎቶ አንሳ።

ጥያቄ፦ መኪናው በስሜ ነው፣ ግን የነዳው ወንድሜ ነው። ቲኬቱ የመጣው በእኔ ስም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እዚህ አካባቢ ካሜራው የሚያነሳው ታርጋውን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ለባለቤቱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ላይ ያኔ አንቺ እንዳልነዳሽ በቃለ መሐላ ጽፈሽ ለጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በፖስታ መላክ ትችያለሽ፤ ወይም ቀርበሽ በመሐላ ትናገሪያለሽ። ሜሪላንድ ላይ አልነዳሁም ማለት አይበቃም። ማን እንደነዳ ስሙንና የአሁን አድራሻውን ለዳኛው መስጠት አለብሽ። ዲሲም መኪናው በማን እጅ እንደነበር በማስረጃ እንድታሳዪ ይፈልጋል።

መኪናው ተሰርቆ ከነበረ የፖሊስ ሪፖርቱን አያይዢ። ሪፖርቱ ግን በወቅቱ የተደረገ መሆን አለበት።

አንድ ነገር አደራ። ራስሽ ነድተሽ ወንድሜ ነው ብለሽ አትማዪ። ይህን ምከረን የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ አልመክርም። በመሐላ መዋሸት ወንጀል ነው። ቨርጂኒያ ላይ ለ50 ዶላር ብለሽ ነው? የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱ ገና ላላለቀለት ሰው ደግሞ ከቅጣትም በላይ መዘዝ አለው። በእኛ ዘንድ መሐላ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ከኋላዬ አምቡላንስ እየጮኸ መጣ። መንገድ ልለቅለት ብዬ ቀዩን አለፍኩ።

መልስ፦ ይህ ጥሩ መከራከሪያ ነው። ሜሪላንድ ላይ ሕጉ ራሱ ለድንገተኛ አደጋ መኪና መንገድ መልቀቅንና በቀብር አጀብ ውስጥ መሄድን ዳኛው እንዲያይ ይጠቅሳቸዋል። ዳሽ ካሜራ ካለህ ቅጂውን ቶሎ አስቀምጠው፤ አዲስ ቅጂ እየተደረበበት ይጠፋል። ከሌለህ የካሜራቸውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው እይ። አምቡላንሱ ከኋላህ ሲያልፍ ሊታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ የሜሪላንድ ታርጋ ነው ያለኝ። የሜሪላንድ ቲኬት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው የደረሰኝ። ዘግይቷል ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፤ ግን የሚቆጠረው የደረሰህ ቀን ሳይሆን የተላከበት ቀን ነው። የሜሪላንድ ሕግ የቀይ መብራት ቲኬት ጥፋቱ ተፈጸመ ከተባለበት ቀን ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ በፖስታ እንዲላክ ያዛል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱን ቀኖች ፈልገህ ቁጠር። ፖስታውንም አትጣለው፤ ማህተሙ ላይ ያለው ቀን ይጠቅምሃል። እንግዲህ እኔ ፖስታውን ጭምር አስቀምጡ እያልኩ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፖይንት (የጥፋት ነጥብ) አለው? ኢንሹራንሴስ ይጨምራል?

መልስ፦ በካሜራ ብቻ የመጣ ቲኬት በሦስቱም ቦታ መንጃ ፈቃድ ላይ ፖይንት አያስጽፍም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለኢንሹራንስም እንዳይውል በሕግ ከልክለዋል። ፖሊስ ራሱ አስቁሞ የሰጠው ቲኬት ግን ሌላ ነው፤ እሱን እንደ ካሜራ ቲኬት አትዩት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ዲሲ ምንም አያደርገኝም ይላሉ፤ ልተወው?

መልስ፦ ይህ ወሬ ስንቱን ሰው አስለቀሰ! ያልተከፈሉ የቆዩ ቲኬቶች ካሉብህ፣ ዲሲ ውስጥ መኪናህን ባገኙበት ቦታ ጎማው ላይ ቡት (የብረት መቆለፊያ) ያስሩበታል። የሚታሰረው ደግሞ ሥራ ላይ ስትሆን ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ዩ ስትሪት ላይ ምሳ በልቶ ሲወጣ ታስሮ አገኘው። እጥፍ የሆኑትን ቲኬቶች ሁሉ፣ የቡቱንም ጨምሮ በአንድ ቀን ከፈለ። በዚያ ላይ በ2024 ዲሲ አዲስ ሕግ አውጥቷል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሌላ ስቴት ሾፌሮችን ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል፤ በ2025 ክሱ ተጀምሯል። የተጀመረው ብዙ ሺህ ዶላር ባለባቸው አደገኛ ሾፌሮች ላይ ነው። ቢሆንም አትተወው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ቀርቤ ምን እላለሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ አይፍሩ። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለው፤ አማርኛም ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በስልክም ሆነ በጽሑፍ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ይበሉ፤ አይከፍሉበትም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ፍርድ ቤትም አስተርጓሚ ይጠየቃል፤ ብቻ ከቀጠሮው ብዙ ቀን ቀደም ብለው ይጠይቁ። የልጅ ልጅዎን ለማስተርጎም አይውሰዱ። ልጁ በጭንቀት ያልተባለውን ሊናገር ይችላል።

ሲናገሩ ደግሞ አጭር ያድርጉት። የኑሮን ውድነት፣ የዳኛውን ደግነት አያንሱ። ፎቶው ይህን ያሳያል፣ እኔ ይህን አደረግሁ፣ ማስረጃዬ ይኸው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ጥያቄ፦ የኪራይ መኪና ነበር።

መልስ፦ ቲኬቱ ለአከራዩ ይሄዳል፤ አከራዩ ደግሞ ስምህን ይሰጣል ወይም ከካርድህ ላይ ይቆርጣል፤ የአገልግሎት ክፍያም ይጨምርበታል። ውልህን አንብብ። መከራከር ከፈለግህ ሳይከፍሉብህ ቶሎ ደውልላቸው።

ጥያቄ፦ በስልኬ ቲኬት አለብህ፣ ዛሬ ካልከፈልክ መንጃ ፈቃድህ ይታገዳል የሚል ቴክስት መጣ።

መልስ፦ አትንካው! ሌቦች ናቸው። እውነተኛው በፖስታ ይመጣል። ሊንኩን ሳትጫን አጥፋው።

ጥያቄ፦ ካሜራው የማያነበው የታርጋ ሽፋን ይሸጣል ይባላል። ይሠራል?

መልስ፦ ሕገ ወጥ ነው። ለእሱ ብቻ ፖሊስ ያስቆምሃል። ተወው።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረን፤ ይህ ካሜራ ገንዘብ መሰብሰቢያ አይደለም?

መልስ፦ ገንዘብ ይሰበስባል፤ እሱን መካድ አይቻልም። ቺካጎ ውስጥ ከካሜራው ኩባንያ ጉቦ የበላ የከተማው ባለሥልጣን በ2016 አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። ስለዚህ መጠየቅ፣ መከራከር መብታችን ነው። እኔም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ግን ሌላውንም ልንገራችሁ። በ2022 ብቻ በአሜሪካ ቀይ መብራት በተጣሰባቸው አደጋዎች ከ1000 ሰው በላይ ሞቷል። ከሞቱት ብዙዎቹ መብራቱን የጣሱት ሾፌሮች አይደሉም፤ እግረኞች፣ ብስክሌት ላይ ያሉና በሌላ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ በሌሊት እየነዳሁ አረንጓዴ ሲበራልኝ ወዲያው አልነሳም። ግራና ቀኝ አይቼ ነው የምነሳው። ቀይ ጥሶ የሚመጣ መኪና ከፊቴ በአንድ ክንድ ርቀት ያለፈበትን ምሽት አልረሳውም። ከኋላ ሁለት ሕፃናት የያዘች እናት ተሳፍራ ነበር።

ጥያቄ፦ ወረቀቴን ብልክልህ ታይልኛለህ?

መልስ፦ አያለሁ። ስማችሁን፣ አድራሻችሁንና ታርጋችሁን ሸፍናችሁ፣ የመልስ መስጫው ቀን ግን እንዲታይ አድርጋችሁ ላኩ። ቀኑ የቀረበውን አስቀድማለሁ።