ጥርሴን ቀዝቃዛ ውሃ ይነዝረኛል፤ ዓሣ ምን አገባው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ጥርሴ እንዲነጣልኝ ብዬ ለወራት በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ ስፈትገው ቆየሁ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይነዝረኛል። ክሊኒክ ስሄድ «ኢናሜልሽ፣ ማለትም የጥርስሽ ጠንካራው የላይ ሽፋን፣ ሳስቷል» አሉኝ። ተመልሶ አይበቅልም? ልጄ ደግሞ «የጥርስ ኢናሜል የመጣው ከዓሣ ቅርፊት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ እየቀለደብኝ ነው?

መልስ፦ በቅድሚያ ሎሚውን ዛሬውኑ ይተዉት። አሲዱ ኢናሜሉን ያለሰልሰዋል፣ ፍትጊያው ደግሞ ይጠርገዋል።

ልጅዎ አልቀለደም። ኢናሜል ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው፤ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ግን መጀመሪያ የታየው ጥርስ ላይ ሳይሆን ቆዳ ላይ ይመስላል። በ2015 የወጣ ጥናት ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሁለት የዓሣ ቅሪተ አካሎችን መርምሮ ነበር። አንደኛው፣ አንድሬዮሌፒስ፣ ኢናሜል የነበረው ቅርፊቱ ላይ ብቻ ነው። ሳሮሌፒስ ደግሞ ቅርፊቱም የፊቱ አጥንትም ኢናሜል ለብሷል። የሁለቱም ጥርስ ግን ባዶውን ነው! በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ዛሬም የሚኖር «ጋር» የሚባል ዓሣ አለ (ስሙ ለእኛ ግራ ያጋባል)። የእኛን ኢናሜል ከሚሠሩት ጂኖች ሁለቱ በእሱ ቆዳ ውስጥ የሚያብረቀርቀውን ቅርፊት ሲሠሩ ተገኝተዋል።

የሚነዝርዎት ግን ኢናሜሉ አይደለም፤ ኢናሜል ነርቭ የለውም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ነው። ዴንቲን ወደ ነርቩ የሚያመሩ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት። እሱም ከጥርስ በፊት የጥንት ዓሦች የቆዳ ጥሩር ውስጥ ነበር። በ2025 ተመራማሪዎች ያኔም በዙሪያው ያለውን ውሃ ለመዳሰስ ሳያገለግል እንዳልቀረ ጽፈዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ አይበቅልም። ኢናሜል የሚሠሩት ሴሎች ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ ሲወጣ ይሞታሉ። ሻርክ እንኳ የተጎዳ ጥርሱን አይጠግንም፤ ጥሎ ሌላ ያበቅላል። እኛ ዕድሉ አንዴ ብቻ ተሰጥቶን በልጅነታችን ጨርሰነዋል።

የቀረውን ማጠንከር ግን ይቻላል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይጫኑ በቀን ሁለቴ ይቦርሹ። ብርቱካን ከበሉ ወይም ለስላሳ ከጠጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ቀዝቃዛው ካለፈ በኋላም ሕመሙ ከቀጠለ ወይም ሌሊት ከቀሰቀስዎት፣ የመቦርቦር ምልክት ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ጋ ይሂዱ።