የአባትሽ የአንገት ደም ስር ነገር፦ እኛ የደረሰብንን ልንገርሽ

እህቴ፣ «የአባቴ ደም ስር አንገቱ ላይና ዝቅ ብሎ ጠቧል፤ ቀዶ ጥገናና ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) በአንዴ ይሠራል አሉን፣ ምን እናድርግ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የኛው ቤት መሰለኝ። እኛ ቱሉ ዲምቱ ነን። በተራ ልጻፍልሽ።

1. ሲቲ ስካኑ ከደረት መጀመሩን አረጋግጪ። እኛ ጉድ የሆንነው እዚህ ጋ ነው። ዶፕለሩ (የደም ስር አልትራሳውንዱ) የአንገቱን አሳየ፤ ደረት ውስጥ ያለውን ግን አያይም። ሲቲ ልናስነሳ ስንሄድ እንግዳ ተቀባይዋን «ከልብ ከሚነሳበት ጀምሮ ነው አይደል?» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አንተ ነህ ሐኪሙ?» አለችኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ሰርጅኑ ፊልሙን ወደ መብራት አንስቶ «የታችኛውስ የታለ?» አለን። እንደገና ብር፣ እንደገና ወረፋ። ሌላ ጥበት ተገኘ። በዚህ መሐል አንድ ጠዋት ሲኒው ከአባዬ ቀኝ እጅ ወደቀ። በፊትም እጁ እንዲሁ ዝሎ በ10 ደቂቃ ለቆት ነበር፤ ይኼኛው አልለቀቀውም። እንዲህ ያለ የስትሮክ ምልክት ከታየ ቀዶ ጥገናው በ2 ሳምንት ውስጥ ቢሠራ ይሻላል ሲባል የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

2. ሁለት ቦታ አይቀደድም፣ አትደንግጡ። በዚያው በአንገቱ ቁስል ስቴንቱን ወደ ታች አስገብተው የደረቱን ጥበት ይከፍታሉ፤ የላይኛውን ደግሞ ደም ስሩን ከፍተው ደለሉን ያወጡታል። ደረት አይከፈትም። ስቴንቱ ሲገባ ፍርፋሪ ወደ አንጎል እንዳይወጣ ደም ስሩን ከላይ ለጊዜው ቆንጥጠው ይይዙታል። ሰርጅኑ ይህን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ስሎ አሳየኝ፤ ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ቀላል ነው ግን አልልሽም። ራሱ ሥራው ስትሮክ ሊያመጣ እንደሚችል ነግረው አስፈርመውናል።

3. መድኃኒቱ። ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ሁለቱም ታዘዙ። ክሎፒዶግሬሉ ሰፈር ሲጠፋ «አንዱ ይበቃዋል» ያለን ጎረቤት ነበር። አልሰማሁትም፤ ቃሊቲ ድረስ ሄጄ ገዛሁ። በዚህስ ልኩራ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የአባዬ ድምፅ ሻክሮ ከርሞ ተመለሰ። እጁ ግን አሁንም ቁልፍ አይቆልፍም፤ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ።

4 ብዬ ልጽፍ የነበረው ትዝ አለኝ፦ ፊልምና ሪፖርት ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ። የሲቲውን ምስል የያዘውን ሲዲ ጠይቂ፤ ቢያመናጭቁሽም እዚያው ቆመሽ ጠብቂ።